ቅዳሜ እመለሳለሁ ያልኳት ልጄ

ከቦንጋ የወጣሁት ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ነው። ዝናቡ እንደ ልማዱ ሲዘንብ አድሮ ካፊያ ላይ ደርሷል። ልጄ ሐና ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። እንዳትነቃብኝ ቀስ እያልኩ ስለብስ ዓይኗን ገለጠችና «እማ፣ የት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ።

«ጅማ፣ ለሥራ። ቅዳሜ እመለሳለሁ።»

«ምን ታመጪልኛለሽ?»

«ጫማ» አልኳት። ደስ ብሏት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ታላቅ እህቴ እትዬ አስቴር ሻንጣዬን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እሷ የት እንደምሄድ ታውቃለች፤ ልጅሽን የማሳድጋት እኔ ነኝ ብላ ቃል የገባችልኝም እሷ ናት። እስከ መናኸሪያው ድረስ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ ሲሞቅ ጠብቃ «ለምን እውነቱን አትነግሪያትም?» አለችኝ።

«ታለቅስብኛለች።»

«ታዲያ ታልቅሳ! ልጅ አይደለች?»

አውቶቡሱ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁና እንደኔ ልጅ ትታችሁ ለወጣችሁ ነው። ራሴን ላሳምር አልተነሳሁም፤ ባሳምርም የሚያውቀኝ አያምነኝም።

ከመሄዴ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው። የሐና አባት ሚዛን ከተማ ሄዶ ሌላ ትዳር ይዟል፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል። በደላላ በኩል ቤይሩት ገባሁ። ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ። ስለዚያ ብዙዎች ጽፈዋል፣ የኔም ከእነሱ አይለይም። አሠሪዎቼ አባታቸውን ለማሳከም ጀርመን ሲመጡ ይዘውኝ መጡ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለሽማግሌው ዳቦ ልግዛላቸው ብዬ ፓስፖርቴን ከእመቤቲቱ ቦርሳ አውጥቼ ወጣሁ። ስለዚህ ባሕር በጀልባ ተሻገረች ብላችሁ የምታወሩልኝ ካላችሁ ተዉት፤ እኔ የተሻገርኩት አንድ የመኪና መንገድ ነው፣ እሱም በእግረኛ መብራት። ልብ በሉ፣ ያኔም ዋሽቼ ነው የወጣሁት። ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዳቦውን እየጠበቁ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ዓመት ወረቀት ነው። እዚህ አገር ሰው በትሕትና ነው የሚጨክነው። ሁሉም «እርስዎ» ይሉሃል፣ «እባክዎ» ይሉሃል፣ ከዚያ በሩን ይዘጉብሃል። ለሁሉ ነገር ተርሚን ያስፈልጋል፣ ማለትም ቀጠሮ። መኖሪያ ፈቃድ አግኝቼ ልጄን ለማምጣት ሳመለክት ያነጋገረኝ ሰው የልደት ካርዷን አገላብጦ አየና እንዲህ አለኝ፦

«ልጅዎ መሆኗን በምን እናውቃለን?»

«ካርዱ ይኸው።»

«ካርዱ የወጣው ከተወለደች ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።»

«እኛ አገር ካርድ የሚወጣው ሲፈለግ ነው።»

«ስትወለድ አልተፈለገም?»

«ስትወለድማ እሷን አየናት፤ ካርድ ምን ያደርግልናል?»

ሰውዬው አልሳቀም፤ ሌላ የሚሞላ ፎርሙላር ሰጠኝ። በመጨረሻ በጥጥ ከአፌ ምራቅ ተወሰደ፣ ከሐናም አዲስ አበባ ላይ ተወሰደ። ስድስት ወር ቆይቶ ደብዳቤ መጣ፤ እናቷ ነኝ ይላል። ስምንት ዓመት ላልሳምኳት ልጅ ምራቄ መሰከረልኝ።

ቤት ያከራየኝ ሰው ኸር ቮልፍ፣ አቶ ቮልፍ እንደማለት፣ ይባላል። ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ መስኮት አስተማረኝ። «በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ሁሉም መስኮት ይከፈታል። ሉፍተን ይባላል» አለኝ።

«በረዶ ሲጥልም?»

«በረዶ ሲጥል በተለይ። አለበለዚያ ሻጋታ ይመጣል። ሻጋታ ያውቃሉ?»

የቦንጋን ልጅ ሻጋታ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል! ሰኔ ላይ አልጋ ሥር ያስገባነው ጫማ መስከረም ላይ ጸጉር አብቅሎ የሚወጣበት አገር ተወልጄ። «በደንብ እንተዋወቃለን» አልኩት። «እንግዲያው እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ። ፈረምኩ። እዚህ ብርዱ ደረቅ ነው፣ ዝናቡም ዝናብ አይመስልም፣ ቆርቆሮ ላይ ስለማያርፍ ድምፅ የለውም። ጎደሬ የሚመስል ነገር አንድ የእስያ ሱቅ አገኘሁና ቀቅዬ ስበላ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ጣዕሙ እንኳ አይቀራረብም ነበር።

አሁን ዋናው ጥፋቴ ጋ ልድረስ። ወረቀቱ ሲያልቅ ለእትዬ አስቴር ደወልኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጄን ያጠበች፣ ያበላች፣ ትምህርት ቤት ያመላለሰች እሷ ናት፤ የራሷ ልጅ የላትም። ሐናም «እማ» የምትለው እሷን ነው፤ እኔን በስልክ «እናቴ» ትለኝ ነበር፣ በጨዋ ደንብ።

«ልጅቷን ልትወስጂብኝ ነው?» አለችኝ።

«ምን ልውሰድብሽ? ለክረምት ትምጣና ትየኝ እንጂ። ለመስቀል ይዣት እመጣለሁ።»

«ለመስቀል?»

«ለመስቀል።»

መስቀል እኛ ጋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከቦንጋ ርቆ ቢታ ገነት ወይም ደካ ያለ፣ አዲስ አበባ የከረመም ቢሆን ለመስቀል ቤቱ ይገባል። ሳይመጣ የቀረ ሰው ታሟል ወይም ተጣልቷል ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ለመስቀል እመጣለሁ ብሎ የሚዋሽ ሰው እኔ አላውቅም፤ ስለዚህ እህቴም አመነችኝ። ቲኬቱ የመሄጃ ብቻ እንደነበር እኔ አውቅ ነበር። እውነቱን ብነግራት አትሰጠኝም ብዬ ፈራሁ። ልጅቷን ራሷ አዲስ አበባ ድረስ ይዛት ሄደች፣ ራሷ ሸኘቻት።

ሐና ሰኔ መጨረሻ ላይ መጣች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ከኔ በቁመት ትበልጣለች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እንደ እንግዳ ጎንበስ ብላ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። «እንዴት ነሽ?» አለችኝ፣ «ደህና ነኝ» አልኳት፣ ከዚያ የምንናገረው አለቀብን። ክረምቱን ግን ጥሩ አሳለፍን። ከተማውን አሳየኋት፣ አይስክሬም በላን። እሷ ለጉብኝት ነው የመጣችው፣ እንግዳ ደግሞ አያስቸግርም። ትምህርት ቤት ሲከፈትም እስከ መስቀል ቋንቋ ልመጂ ብዬ አስገባኋት።

የመስቀል ዕለት ጠዋት ከመኝታ ቤቷ ስትወጣ ያን ከአገር ቤት ለብሳው የመጣችውን ቀሚስ ለብሳለች፤ ሻንጣዋም ተዘጋጅቷል።

«ዛሬ መስቀል ነው» አለችኝ።

«አዎ፣ እንኳን አደረሰሽ።»

«አንሄድም?»

«ትምህርት አለብሽ እኮ የኔ ልጅ» አልኳት። ከዚያ ሻንጣውን ይዛ ተመለሰች፣ ልብሷን ቀየረችና ትምህርት ቤት ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ«እሺ» በቀር ቃል አልሰጠችኝም። ብዪ ስላት እሺ፣ ተኚ ስላት እሺ። ሳሕን ታጥባለች፣ መስኮት እንኳ በሰዓቱ ትከፍታለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። ሐና ለአስተማሪዋ እናቴ ጋ መኖር አልፈልግም፣ ከወላጅ የተለዩ ልጆች የሚኖሩበት የወጣቶች ቤት ልግባ ብላለች። ከመወሰኑ በፊት ግን እናትና ልጅ ወደ ቤራቱንግ እንዲሄዱ ይመከራል ይላል። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ ጮኼ ወደ ጋሽ አዳነ ደወልኩ። ጋሽ አዳነ የጅማ ሰው ናቸው፣ እዚህ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ በከተማችን የተጣላ ሐበሻ ሁሉ እሳቸው ፊት ነው የሚታረቀው።

«ቤራቱንግ ምክር ማለት ነው» አሉኝ። «ምክር ከሆነማ ያለ ሽማግሌ እንዴት ይሆናል? እኔ እመጣለሁ። ባዶ እጅሽን ደግሞ እንዳትሄጂ።»

እትዬ አስቴር በሐና እጅ የላከችው ማር ነበረኝ። ሳልከፍተው ያስቀመጥኩትን አንዱን ጣሳ ይዤ ሄድኩ። አማካሪዋ ፍራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ክሩገር ትባላለች፤ ቀጭን ናት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ጋሽ አዳነን ስታይ ግራ ገባት።

«እርስዎ ዘመድ ነዎት?»

«አይደለሁም» አሉ ጋሽ አዳነ።

«ጠበቃ?»

«ኧረ እግዜር ይጠብቀኝ።»

«ታዲያ ምንድን ነዎት?»

«አስታራቂ ነኝ።»

«እዚህ ማንም ማንንም አያስታርቅም» አለች ፍራው ክሩገር።

ጋሽ አዳነ አልሰሟትም። ብድግ ብለው መረቁ፣ እናትና ልጅን እግዚአብሔር አንድ ያድርግ አሉ። ከዚያ ወደ ሐና ዞረው «ልጄ፣ እናት እናት ናት። ለአንቺ ብላ ነው የተንከራተተችው። ነይ፣ ጉልበቷን ሳሚና ይቅርታ ጠይቂያት፣ ነገሩ እዚሁ ይለቅ» አሏት።

ሐና «እሺ» ብላ ተነሳች። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሁሌም የምናውቀው እንዲህ ነው፤ ልጅ ጎንበስ ይላል፣ ወላጅ ቀና ያደርጋል፣ ያልቃል። ልጄ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ስትነካ ግን ፊቷን አየሁት፤ ምንም አልነበረበትም። ፍራው ክሩገር «ይቅርታ፣ እዚህ ምን እየተደረገ ነው?» ብላ ብድግ አለች። ጋሽ አዳነን በትሕትና ኮሪደር ላይ አስቀመጠቻቸው። ማሩንም አልቀበልም አለች፤ ስጦታ ክልክል ነው አለች። በኋላ ስንወጣ ጋሽ አዳነ ማሩን ታቅፈው፣ ተቀይመው አገኘኋቸው።

ሦስታችን ብቻ ስንቀር ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እንድትፈርድልን ጠበቅኩ። ፍርድ የለም። ብይን የለም። ለዚህ ነው ሰው ደመወዝ የሚከፍላት ብዬ በልቤ ተናደድኩ። ይልቅ አንድ ሕግ አወጣች። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ሲጨርስ የሰማውን መልሶ ይናገራል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። «ግን» ማለትም የለም። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው መልስ። «በራሳችሁ ቋንቋ ተነጋገሩ፤ በኋላ ለእኔ ትነግሩኛላችሁ» አለች።

በመጀመሪያው ቀን ሐና አልተናገረችም። በሁለተኛውም አልተናገረችም። በሦስተኛው ተርሚን እጆቿን እያየች ጀመረች፤ ድምፅዋን ለረጅም ጊዜ ስላልሰማሁት የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ ብለሽኝ ሄድሽ። ቅዳሜ መናኸሪያ ሄድኩ። አልመጣሽም። በሚቀጥለውም ሄድኩ። እማ እጄን ይዛኝ ትሄዳለች፣ ዛሬ መኪናው ተበላሽቷል አሉ ትለኛለች። አንድ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ሄድን። ከዚያ እኔው መሄዱ ይቅርብን አልኳት፤ ዝናብ ላይ ስትቆም አሳዘነችኝ።»

«ግን እኮ ያኔ እኔ...» አልኩ። ፍራው ክሩገር እጇን አነሳች። አማርኛ አታውቅም፤ ፊቴን አይታ ነው ያወቀችው።

እንግዲህ መልሼ መናገር አለብኝ። ሞክሩት እስኪ። ያደረጋችሁትን ነገር በገዛ አፋችሁ፣ ያለ ምክንያት፣ ያለ «ለአንተ ብዬ ነው»፣ ልጃችሁ ፊት ተናገሩት። «ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬሽ አልመጣሁም» አልኩ። «አንድ ዓመት ሙሉ መናኸሪያ ሄድሽ። አክስትሽ መኪናው ተበላሸ አለችሽ።» እህቴ የኔን ውሸት በየሳምንቱ ስታድስልኝ እንደኖረች ያን ቀን ነው የገባኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጫንኩ።

ይቅርታ ለማለት ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ለፍራው ክሩገር «እኛ አገር እናት ልጇን ይቅርታ አትጠይቅም» አልኳት።

«ማን ነው የሚከለክላት?» አለችኝ።

አስቤ አስቤ የሚከለክል ሰው ማግኘት አልቻልኩም። ወደ ሐና ዞርኩና «ዋሽቼሻለሁ፤ ሁለት ጊዜ። በቅዳሜውም በመስቀሉም። ይቅር በይኝ» አልኳት። አልተቃቀፍንም። እንደዚያ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልሆነም። ሐና «ጫማ አመጣለሁ ስትይኝ ቁጥሬን ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም ነበር።»

«እማ ገዛችልኝ። እናትሽ ናት የላከችው አለችኝ። ጠቦኝ ነበር፣ ግን አልተናገርኩም።»

ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ጥሩ ነው አልልም። መጀመሪያ የመጣው ጠብ ነው። «እሺ» ቀረና «አልፈልግም» መጣ። በር ይወረወራል፣ ምግቤ ጨው በዛበት ይባላል፣ የእማ ቆጮ እንዲህ ነበር ይባላል። ለፍራው ክሩገር አቤት ስላት ሳቀች፣ «አሁን ቤቷ ገባች ማለት ነው» አለችኝ። የወጣቶች ቤቱ ነገር አልተነሳም። አንድ ቀን ሳላስበው ከሥራ ስመለስ ጎደሬ መሰሉን ቀቅላ ጠበቀችኝ። እሷም አልተቀራረበም አለች፣ አብረን ሳቅን።

ያቺን መልሶ የመናገር ነገር ሌላም ቦታ ሞክሬአታለሁ። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ከአንዲት ፖላንዳዊት ጋር ዓመት ተኮራርፈን ነበር፤ የሰማኋትን መልሼ ስነግራት ደንግጣ ቡና ጋበዘችኝ። አንድ ሊፋቱ የደረሱ ባልና ሚስትም ፍራው ክሩገር ጋ ላክሁ። ባልየው «ማን እንዳጠፋ ሳትነግረን ሰዓቱ አለቀ» ብሎ ተቆጥቶ ደወለልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ጋሽ አዳነ ግን እስካሁን «ፈረንጅ ሲያስታርቅ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እሳቸውንም አልፈርድባቸውም፤ በእሳቸው መንገድ ስንቱ ቤት ቆሟል። የኔ ጉዳይ ግን ጉልበት በመሳም የሚዘጋ አልነበረም፤ አጥፊዋ ከላይ ያለሁት እኔ ነበርኩና።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሐና «ለእማ መቼ ነው የምትነግሪያት?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ።»

ስልኩን ራሷ ደወለችና ሰጠችኝ። እትዬ አስቴር አነሳች። ከወዲያ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል።

«እትዬ፣ ሐና ለመኖር ነው የመጣችው። ያኔም አውቅ ነበር። ዋሽቼሻለሁ» አልኳት።

«መስቀል ሲያልፍ ነው ያወቅሁት» አለች። «ሰው ሲጠይቀኝ ለፋሲካ ትመጣለች እላለሁ። መጀመሪያ ለልጅቱ ስዋሽልሽ ኖርኩ፣ አሁን ደግሞ ለጎረቤት።»

«ይቅር በይኝ።»

«ሐና ነግራኛለች፤ የምታናግራችሁ ሴትዮ አለች አሉ።»

«አለች።»

«ጥሩ ነው። እኔስ ለማን ልንገር?»

«ለኔ ንገሪኝ።»

«ላንቺ? ስላንቺ እኮ ነው የምናገረው!» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ እደውላለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው፣ ከሺሺንዳ ስለመጣ ዘመድ ታወራኛለች፤ ከሐና ጋርም በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። የራሷን ነገር ግን አትነካውም። እኔም አልጎተጉታትም።

ባለፈው እሑድ ልትዘጋው ስትል ቆም አለች።

«ሐናን አዲስ አበባ ሸኝቼ ስመለስ» አለች፣ «ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ደህና ነበርኩ። ቦንጋ መናኸሪያ ደርሼ ከአውቶቡሱ ስወርድ እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ። እንድትይዘኝ።»

ብዙ ነገር ወደ አፌ መጣ። ዋጥኩት።

«እጅሽን ወደ ኋላ ዘረጋሽ» አልኳት።

«ዘረጋሁ» አለች እህቴ። «ሰው ሁሉ እያየኝ።»